የሊቀ ተርጓሚው ባዶ ዓምድ

ጋሪው ከጠራዦች መንገድ ወጥቶ ወደ ዳገቱ ሲታጠፍ፣ ሊቀ ተርጓሚው በሁለት እጃቸው አንገታቸውን ይዘው ነበር። ሦስት ዙር የተጠመጠመው የሱፍ ሻርፕ ከአገጫቸው እስከ ደረታቸው ወርዷል። ከሻርፑ ውስጥ የሚወጣው ድምፅ ግን የሰው አይመስልም፤ ዘይት ያልነካው የበር ማጠፊያ ይመስላል።

«አይናገሩ አባባ» አላቸው የልጃቸው ባል፣ ለአራተኛ ጊዜ። «ሐኪሙ ሦስት ቀን ዝም ይበሉ ብሏል እኮ።»

ሊቀ ተርጓሚው ሐኪሙን በዓይናቸው ሰደቡት።

ድምፃቸው የጠፋው በሥራ ላይ ነው። በአገረ ገዥው አዳራሽ ውል ሳይነበብ አይታተምም፤ ሲነበብም በር ላይ የቆመው ዘብ ሳይቀር መስማት አለበት። የአዲሱ ድልድይ ውል መቶ አርባ ገጽ ነበር፤ የሚሠራበት ቦታ ብቻ ክፍት ተትቷል። ትናንት እሳቸው ቆመው አነበቡት። ዘጠና ሰባተኛው ገጽ ላይ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። መቶ ሃያኛው ላይ ጭራሽ ጠፋ። የቀረውን ሃያ ገጽ በከንፈራቸው ብቻ ጨረሱት፤ ዘቡም «ሰምቻለሁ» ብሎ ፈረመ።

ስለዚህ ዛሬ ነገሩ ሁሉ የወደቀው በአማቻቸው ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ ይህን ሰው «ጠብታ» ይለዋል። ብዕሩን ከቀለሙ ሲያወጣ ሦስት ጊዜ በቢልቃጡ ከንፈር ላይ ሳያንጠባጥብ መጻፍ አይጀምርም። በሕይወቱ አንዲት ወረቀት አላበላሸም፤ በሕይወቱም ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።

ሥራው የሁለት ሰው ሥራ ነበር። ወንዙን የለካው መሐንዲስ ከእንግሊዝኛ ሌላ አያውቅም። ድልድዩን የሚሠራው ሥራ ተቋራጭ ከጀርመንኛ ሌላ አያውቅም። አገረ ገዥው ደግሞ ከቱርክኛ ሌላ በጆሯቸው እንዲገባ አይፈልጉም። ጠብታ የመሐንዲሱን ቃል ተቀብሎ በጀርመንኛ ያወጣዋል፤ ተቋራጩ ይሰማል። ሊቀ ተርጓሚው ከጀርመንኛው ይቀበሉና ወደ ወንበሩ ቀርበው፣ ጎንበስ ብለው፣ በገዥው ጆሮ ውስጥ በቱርክኛ ያንሾካሹኩታል። ወደ ጆሮው መቅረብ ለእሳቸው ማዕረግ ብቻ የተፈቀደ ነው። ገዥው «ይሁን» ይላሉ። ማኅተም ያዡ ቀዩን ሰም ያንጠባጥባል። አለቀ።

የጠብታ ቱርክኛ የመዝገብ ቱርክኛ ነው። አማቾቹ ለመሥሪያ ቤቱ የሦስት ቋንቋ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የእንግሊዝኛውንና የጀርመንኛውን ዓምድ እሱ ይሞላል፤ የቱርክኛውን ሊቀ ተርጓሚው ያስጽፉታል። አራት ሺህ ቃል አልፈው አንድ ገጽ ላይ ብቻ ቆመው ቀሩ፤ «ወይም» የተባለው ገጽ ላይ። በእንግሊዝኛው ዓምድ «ኦር» ተጽፏል፤ በጀርመንኛው «ኦደር»። ከሁለት አንዱን አስገድዶ ለማስመረጥ እንግሊዙ «አይዘር» ብሎ ይጀምራል፣ ጀርመኑ «ኤንትቬደር»። የቱርክኛው ዓምድ ግን ነጭ እንደሆነ ነው።

«እሱ ይቆይ» ይሉ ነበር ሊቀ ተርጓሚው፣ ጉዳዩ በተነሣ ቁጥር። «ለመሥሪያ ቤታችን አያስፈልግም።»

«አባባ፣ ‹ወይም› እንዴት አያስፈልግም?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሠራሁ። አላስፈለገኝም።»

ጠብታ የሽማግሌ ቀልድ መሰለው።

ቃሉን ያገኘው ከሚስቱ ነው። ቱርክኛ የሟች እናቷ ቋንቋ ነበር። ባለፈው ሳምንት የመጽሐፍ ቆዳ እየፋቀች ሳለ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ችግሩን ነገራት።

«ይኼ ነው ያስቸገራችሁ?» አለችው። «ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ‹ቬያ› ትላለህ፤ ይኼ ወይም ያ፣ ግድ የለም እንደማለት። ሦስተኛ መንገድ እንዳይኖር ስትፈልግ ‹ያ› ብለህ ጀምረህ ‹ያ› ብለህ ትደግማለህ፤ ወይ ይኼ፣ ወይ ያ። ስትጠይቅ ደግሞ ‹ዮክሳ› ነው፤ ይኼ ወይስ ያ። ግን ‹ዮክሳ›ን ተጠንቀቃት። ‹አለዚያ›ም ትሆናለች። እማማ ሾርባ አቅርባ ‹ትጠጫለሽ፣ ዮክሳ...!› ትለኝ ነበር።»

«ከዮክሳ በኋላስ ምን ነበር?»

«ሰምቼው አላውቅም። ቶሎ ነበር የምጠጣው።»

ሦስቱን ቃላት በትንሽ ወረቀት ገልብጦ ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። መዝገቡ ላይ ግን አልጻፋቸውም። ዓምዱ የእሱ አይደለም።

ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን አራት ጊዜ አውጥቶ አይቶታል። ምክንያቱም በዛሬው ስብሰባ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ድልድዩ ከላይ፣ በጠባቡ ገደል በኩል ይሠራ ወይስ ከታች፣ ልብስ አጣቢዎቹ በሚሻገሩበት? ከታች ከተሠራ የጠራዦች መንገድ ይፈርሳል። ሠላሳ ስምንት ቤት ነው። አሥራ ዘጠነኛው የእሱና የሚስቱ ነው። ሚስቱ ከእናቷ የወረሰችው የመጠረዣ መጭመቂያ እዚያ ቤት ወለል ውስጥ ከነብረቱ በድንጋይ ተተክሏል። እሱን እንንቀል ቢባል ቤቱም አብሮ ነው የሚነቀለው።

ሚስቱ ሲወጣ የኮቱን አንገት እያስተካከለችለት፣ «የሚሉትን እንዳሉት ተናገር» ብላው ነበር። «መሐላህ ነው።» ከዚያ በሩን ልትዘጋ ስትል መለሰችው። «ግን ‹ከላይ› የምትለዋን ትንሽ ጎላ ብታደርጋት መሐላው አይፈርስም።»

ጋሪው ዳገቱን ሲያጋምስ ሊቀ ተርጓሚው ከጉያቸው ትንሽ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ አወጡ። ጽፈው አሳዩት፦ «አትጨምር። አትቀንስ።»

«እሺ አባባ።»

በእጅጌያቸው አጠፉት። እንደገና ጻፉ፦ «ግን»

መንኮራኩሩ ጉድጓድ ገባ። ጠመኔው ከእጃቸው ተስፈንጥሮ በጋሪው መስኮት ወጣ፣ ከኋላቸው በሚመጣው የውኃ ጋሪ ሥር ገብቶ ዱቄት ሆነ። ሊቀ ተርጓሚው ዱቄቱን እንደ ዘመድ አስከሬን አዩት።

«ግን ምን አባባ?»

ሽማግሌው አንዳች ነገር አንሾካሾኩ፤ የመንኮራኩሩ ጩኸት ዋጠው። ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ።

«ፈጣሪ ያውቃል?»

አይደለም ለማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። ጣታቸውን አሁንም ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ደጋገሙ።

«ዝናብ?»

ሊቀ ተርጓሚው ጉልበታቸውን መትተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

በአዳራሹ ሁሉም በየማዕረጉ ቆሟል። አገረ ገዥው ከፍ ካለው ወንበር ላይ ናቸው፤ በስተግራቸው ማኅተም ያዡ የሰም ማቅለጫውን በመብራት ላይ ይዞ፤ ፊት ለፊታቸው ቀጭኑ መሐንዲስ የኪስ ሰዓቱን ሰንሰለት እያፍተለተለ፤ ከጎኑ ጢማሙ ተቋራጭ። አገረ ገዥው በቆራጥነታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። በሌላ አገር ለአንድ መልስ ሦስት ወር ይጠበቃል፤ እዚህ ግን ገና ጥያቄው ሳይቀዘቅዝ «ይሁን» ይባላል። መሐንዲሱ አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ የቆየሁት ለዚህ ነው ይል ነበር።

የጠብታ ማዕረግ ወደ ጆሮው ስለማያስቀርብ ከምንጣፉ ጠርዝ ሆኖ ጮክ ብሎ እንዲናገር ተፈቀደ። ሊቀ ተርጓሚው ከኋላው ቆሙ።

መሐንዲሱ ጀመረ። «ሁለቱም ቦታ ድልድይ ይሸከማል። ከላይ ከሆነ ሥራው አንድ ዓመት ይረዝማል። ከታች ከሆነ ሠላሳ ስምንት ቤት ይፈርሳል። ወይ ከላይ፣ ወይ ከታች። ክቡርነታቸው ይምረጡ።»

ጠብታ በጀርመንኛ አወጣው። ተቋራጩ በጢሙ ተስማማ። ከዚያ ጠብታ ወደ ወንበሩ ዞረ። በዚህ ጊዜ የኮቱ ጫፍ ከኋላ ተጎተተ።

ዝቅ በል የሚሉት መስሎት እጅ ነሣ። ኮቱ አሁንም ተጎተተ። የበለጠ ዝቅ አለ። ሦስተኛው ጉተታ ከባድ ስለነበር ጠብታ ጥያቄውን የጀመረው አፍንጫው ምንጣፉን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ነው። ቃል በቃል፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ በመዝገብ ቱርክኛው አቀረበው። «ከላይ» የምትለዋን በደንብ ጎላ አድርጓት ነበር፤ ነገር ግን «ዮክሳ» ላይ ሲደርስ ከፍርሃት ብዛት ድምፁ አምልጦት እሷ ከሁሉም በላይ ጎልታ ወጣች።

ለ«ይሁን» የተነሣው የአገረ ገዥው እጅ አየር ላይ ቆመ።

«ምን አልክ?»

ጠብታ ገዥውን ያስፈራራ መሰለው። ቶሎ ብሎ በሌላው መንገድ ደገመው፤ ያ ከላይ፣ ያ ከታች።

«ሁለት ነው?» አሉ ገዥው።

«አዎን፣ ክቡርነትዎ። ሁለት ነው።»

«እና?»

«ይምረጡ ይላሉ።»

«ማን?»

«እርስዎ።»

አገረ ገዥው ወደ ማኅተም ያዡ ዞሩ፤ እሱ ሊረዳቸው አልቻለም፤ ሰሙ ጣቱ ላይ እየተንጠባጠበበት ነበር። ከወንበራቸው ጠርዝ ላይ መጥተው ቃላቱን እያዘገሙ ተናገሩ።

«ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ተቀምጫለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ቀርቦልኝ አያውቅም። ሊቀ ተርጓሚው ‹ክቡርነትዎ፣ እንዲህ ሊደረግ ነው› ይለኛል፤ እኔም ‹ይሁን› እላለሁ። እነዚህ እንግዶች ሁልጊዜ አንዲት ሐሳብ ብቻ ይዘው የሚመጡ ይመስለኝ ነበር። ሐሳብ ያጠራቸው ሰዎች ናቸው ብዬ አዝንላቸው ነበር እኮ!»

ያን ጊዜ ጠብታ ባዶውን ዓምድ አየው፤ መዝገቡ ፊቱ የተዘረጋ ያህል አየው። የጠመኔው «ግን»፣ ወደ ላይ የተቀሰረው ጣት፣ የኮቱ ጉተታ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባው። ሽማግሌው ድምፅ ቢኖራቸው ኖሮ በገዥው ጆሮ የሚገባው «ድልድዩ ከላይ ሊሠራ ነው» የሚል ብቻ ነበር። ቤቱ ሊተርፍ ነበር። ምርጫውን አምጥቶ ጉባኤ ላይ ያፈሰሰው እሱ ራሱ ነው፤ የገዛ ቤቱን ጨምሮ።

«ምን ይላሉ?» አለ መሐንዲሱ።

መሐላ መሐላ ነው። ጠብታ ገዥው ያሉትን በእንግሊዝኛም በጀርመንኛም ተረጎመው። መሐንዲሱ የቆዳ ማስታወሻውን አውጥቶ ገጾቹን ይገለብጥ ጀመር።

«የሆስፒታሉ በር በሰሜን ወይስ በምሥራቅ ብዬ ነበር። ክቡርነታቸው ምሥራቅ መረጡ ተባልኩ።»

ጠብታ ተረጎመው። «ሰሜንም ነበር?» አሉ ገዥው።

«የመንገዱ ፋኖሶች ባለ አንድ ክንድ ወይስ ባለ ሁለት?»

«ባለ ሁለትም ነበር?»

«የሰዓት ማማው ቀለም፣ አረንጓዴ ወይስ ነጭ?»

ጠብታ ይቺን ሲተረጉም ገዥው ከወንበራቸው ተነሡ። ገዥው በየጠዋቱ የመስኮቱን መጋረጃ ገለጥ አድርገው፣ ማማውን አይተው፣ መጋረጃውን መልሰው እንደሚጥሉት በቤተ መንግሥቱ የማያውቅ አልነበረም።

«ነጭ ነበር?» አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ነጭ ነበር፣ ክቡርነትዎ።»

«ሊቀ ተርጓሚ!»

ሽማግሌው ወደፊት መጡ።

«አሥራ አንድ ዓመት! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንቁራሪት ቆሞ ሰዓት ሲደውልብኝ! ነጭ ነበር?»

ሊቀ ተርጓሚው አፋቸውን ከፈቱ። ጉሮሯቸው እንደ በር ማጠፊያ ሲጢጥ አለ።

«ምን አለ?»

ጠብታ ጆሮውን ወደ ሻርፑ አስጠጋ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ትርጉም ሠርቶ አያውቅም። «‹ለትልቅ ሰው ሁለት ነገር ይዞ መቅረብ፣ እኔ አላወቅሁልዎትም፣ እርስዎው ይልፉ ማለት ነው። እኔ ጌታዬን አላለፋም። የተመረጠውን አቀርባለሁ› ይላሉ።»

«አረንጓዴውንስ በምን መረጠው?»

ሻርፑ ወደ ጠብታ ጆሮ ተጠጋ። ከዚያ አጭር ነገር ተናገረ። ጠብታ ቀና አለ።

«‹የዚያን ዓመት ባለቤቴን ቀብሬ ነበር። አረንጓዴ ትወድ ነበር› ይላሉ።»

አገረ ገዥው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ማኅተም ያዡ የረጋውን ሰም መልሶ እሳት ላይ ጣደ።

«ዛሬስ? ድምፅ ቢኖርህ የትኛውን ነበር የምታመጣልኝ?»

የሊቀ ተርጓሚው ጣት ወደ ላይ ተቀሰረ። ይህን ማንም መተርጎም አላስፈለገውም።

«በምን ምክንያት?»

ሻርፑ ተንሾካሾከ። ጠብታ ሰማ፣ አመነታ፣ ተረጎመ። «‹ድንጋዩ ጽኑ ነው በላቸው› ይላሉ።»

ሊቀ ተርጓሚው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አገረ ገዥው ሳቃቸውን ለማፈን ሞክረው አልሆነላቸውም።

«‹በላቸው›ንም አልተውክልኝም! እውነተኛውን ምክንያትስ?»

ከኋላው ማንም ኮቱን አልጎተተም። ጠብታ የምንጣፉን ጠርዝ እያየ ተናገረ። «ክቡርነትዎ፣ ከታች የሚፈርሱት ቤቶች ውስጥ የእሳቸው ልጅ አለች። የእኔ ሚስት ናት። እኔም አለሁ። ይህን የምነግርዎት በተርጓሚነት አይደለም።»

«በምንድን ነው ታዲያ?»

«እሱን... አላወቅሁትም።»

«ያም ሆነ ይህ» አሉ ገዥው ደረታቸውን ነፍተው፣ «ዛሬ የምመርጠው እኔ ነኝ። ካርታውን!»

ካርታው ተዘረጋ። አገረ ገዥው መምረጥ ጀመሩ። ለሃያ ሁለት ዓመት የተከለከሉት ምግብ የቀረበላቸው ያህል ነበር። ጣታቸውን ከላይ ያሳርፋሉ፣ ያነሣሉ፣ ከታች ያሳርፋሉ። በአዳራሹ ዙሪያ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። «ከላይ» ይላሉና ፊታቸው ይበራል፤ «ግን ከታች!» ይላሉና ደግሞ ይበራል። ሰሙ ሦስት ጊዜ ረግቶ ሦስት ጊዜ ቀለጠ። ዘቡ በቆመበት እግሩን ቀየረ። የምሳ ሰዓት መጣና ሄደ፤ የተቋራጩ ሆድ የጮኸው ጩኸት በየትኛውም ቋንቋ ግልጽ ነበር።

በመጨረሻ ቆሙ። «ከታች አንድ ዓመት ያሳጥራል። ከታች ይሁን።»

ማኅተም ያዡ ማቅለጫውን አዘነበለ። ጠብታ ሁለቱን ቃላት መተርጎም ነበረበት። በእንግሊዝኛም በጀርመንኛም አጫጭር ናቸው፤ ከአራት ሺህ ቃላት መካከል እንዲህ የከበዱት አልነበሩም። ግን ተረጎማቸው። ሲጨርስ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከምንጣፉ ጠርዝ ሲጮህ የዋለው ድምፁ እንደ አማቱ ሻክሮ ነበር። ሊቀ ተርጓሚው ክንዱን ያዙት፤ ሊደግፉት ይሁን ሊደገፉት አልታወቀም።

«ቆይ» አሉ ገዥው። መምረጥ ገና አልጠገቡም ነበር። «ከድልድዩ መሐል ስቆም ምን ይታየኛል? እሱን ጠይቅልኝ። ከታች ሲሆንና ከላይ ሲሆን።»

መሐንዲሱ ማስመሪያውን ካርታው ላይ አጋደመ። «ከታችኛው ሲሻገሩ ፊት ለፊት የሰዓት ማማው ነው። ከመጀመሪያው እርምጃ እስከ መጨረሻው፣ ቀጥ ብሎ። ከላይኛው ግን ገደሉ ይጋርደዋል። ወንዙና ዛፎቹ ብቻ ናቸው የሚታዩት።»

ጠብታ በሻከረው ድምፁ አደረሰው። አገረ ገዥው ወደ መስኮቱ ሄዱ። መጋረጃውን ገለጥ አደረጉ። ዛሬ ቶሎ አልጣሉትም።

«ነጭ ላስቀባው እችላለሁ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ግን አሁን ማማው የሰው ሚስት ሆነብኝ። ደጋግሜ የተሳደብኩትን የማውቀው እኔ ነኝ።» መጋረጃውን በቀስታ ለቀቁት። «አልነካውም። በየቀኑ ፊት ለፊቱ መሻገርም አልችልም። ከላይ!»

«ከላይ?» አለ ማኅተም ያዡ፣ ሰሙ በአየር ላይ እያለ።

«ከላይ። ቶሎ አትምልኝ፤ ከታችም ይታየኛል።»

ማኅተሙ ወረደ። አገረ ገዥው ወደ ሊቀ ተርጓሚው ጣታቸውን ቀሰሩ። «አንተ፤ ድምፅህ ሲመለስ ሁለቱንም ይዘህ ትመጣለህ። ሁልጊዜ ሁለቱንም!»

ሊቀ ተርጓሚው እጅ ነሡ። ከምንጣፉ ቀና ለማለት ግን አማቻቸው ረዳቸው።

ጋሪው ቁልቁለቱን ወርዶ የጠራዦች መንገድ ሲደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ሚስቲቱ በር ላይ፣ ሙጫ የነካው ሽርጧን እንደታጠቀች ቆማለች። ከኋላዋ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል።

«እህሳ፣ ምን ወሰኑ?» አለች።

ጠብታ አፉን ከፈተ። ከውስጡ የወጣው የበር ማጠፊያ ድምፅ ነበር። ወደ አባቷ ዞረች፤ እሳቸውም ያው ናቸው። ሁለቱ ሰዎች ተያይተው በአንድነት ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ።

ሚስቲቱ ሰማዩን ቀና ብላ አየች። «ምን? ዝናብ?»

ሊቀ ተርጓሚው በድካም በጋሪው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። ጠብታ ግን ሮጦ ቤት ገባና መጭመቂያውን ከነብረቱ አቀፈው። ያኔ ገባት።

ሾርባው ከተጠጣ በኋላ (ሁለቱም ያለ «ዮክሳ» ቶሎ ጠጡ)፣ ሊቀ ተርጓሚው በምልክት መዝገቡን አስመጡ። ገጹን ራሳቸው ገለጡት። ብዕሩን ከአማቻቸው ተቀበሉ፤ እንደ እሱ በቢልቃጡ ከንፈር ላይ ሦስት ጊዜ አንጠባጠቡ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያላስፈለጓቸውን ሦስት ቃላት በባዶው ዓምድ አሰፈሩ። መዝገቡን ሊዘጉ ካሉ በኋላ ተመልሰው ከሥር በደቃቁ አንድ መስመር ጨመሩ። ጠብታና ሚስቱ ትከሻቸው ላይ ሆነው አነበቡት፦

«ለትልልቅ ሰዎች ሲሰጥ፣ ከምሳ በኋላ ይሁን።»